የክሌር ወንበርና የመሐላው ነገር

በምዕራብ አይርላንድ፥ በአትላንቲክ ውቅያኖስና በሻነን ወንዝ መካከል፥ ክሌር የምትባል አውራጃ አለች። መሬቷ በብዙ ስፍራ ድንጋያማ ነው፤ በከተማ ብዛትም ሆነ በሀብት የምትታወቅ አይደለችም። ዋና ከተማዋ ኤኒስ ይባላል። ይሁን እንጂ ከ1801 እስከ 1922 ድረስ ከዚህች አውራጃ ወደ ለንደን ፓርላማ እንደራሴ ይላክ በነበረበት ዘመን፥ የአይርላንድ ታሪክ ሁለት ጊዜ መንገዱን የለወጠው በዚያች ትንሽ ከተማ በተቈጠረ ድምፅ ነው። በፊተኛው ጊዜ ሕዝቡ የመረጠው በወንበሩ ይቀመጥ ዘንድ ሕግ የማይፈቅድለትን ሰው ነበረ፤ በኋለኛው ጊዜ ግን ሕግ ሳይከለክለው አልቀመጥም ያለውን ሰው መረጠ። በሁለቱም ጊዜ በደጁ ቆሞ ይጠብቅ የነበረው መሐላ ነው። በዚህ ጽሕፈት የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድሞ የነገሩን ሥር ማወቅ ይገባል። በ1800 በወጣው የአንድነት ሕግ የአይርላንድ ፓርላማ ፈረሰና ከ1801 ጀምሮ አይርላንድ 100 እንደራሴዎች ወደ ለንደን እንድትልክ ተደረገ። ለክሌር አውራጃ የደረሳት ሁለት ወንበር ነው። የአይርላንድ ሕዝብ የሚበዛው ካቶሊክ ሲሆን የመንግሥቱ ሃይማኖት ግን ፕሮቴስታንት ስለ ሆነ፥ ወደ ምክር ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ንጉሡ የቤተ ክርስቲያን የበላይ መሆኑን በመሐላ ማጽናት ነበረበት። ደግሞም ለእመቤታችን ለድንግል ማርያምና ለቅዱሳን የሚቀርበው ልመና፥ የሮማ ቤተ ክርስቲያን የምትቀድሰውም ቅዳሴ፥ ከንቱ እምነትና ጣዖት ማምለክ ነው ብሎ በቃሉ መመስከር ይገባው ነበር። እንዲህ ያለውን ቃል በአፉ ከመናገር ወንበሩን ማጣት የሚመርጥ ሰው ምን እንደሚሰማው ለዚህ ገጽ አንባብያን ማስረዳት አያሻም።

ነገሩን የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ከ1793 ጀምሮ ካቶሊክ እንዲመርጥ ተፈቅዶለታል። መምረጥ ይችላል፥ መቀመጥ አይችልም። ድምፅ የሚሰጠውም በዓመት ከኪራዩ በላይ 40 ሽልንግ የሚያወጣ መሬት በዕድሜ ልክ ውል የያዘ ገበሬ ነው። ይህን የመሰለውን ውል ባለርስቶቹ በብዛት የሰጡት ስለ ርኅራኄ አይደለም፤ ጭሰኛው የጌታውን ድምፅ የሚያበዛ ስለ ሆነ ነው። በምርጫው ቀን ጭሰኛው በጌታው ሹም እየተመራ ወደ ከተማ ይገባል፤ በጸሐፊዎቹ ፊት ቆሞ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮኾ ይናገራል፤ የጌታውም ሹም አጠገቡ ቆሞ ይሰማል። ያን ጊዜ ምስጢራዊ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም። ጌታውን ያስቀየመ ሰው ውዝፍ የቤት ኪራይና የመሬት ግብር ተጠይቆ ከነልጆቹ በመንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በ1828 ቬዚ ፊትዝጄራልድ የሚባል የክሌር እንደራሴ በዌሊንግተን መስፍን መንግሥት ውስጥ የንግድ ጉዳይ ሹመት ተሰጠው። በዚያን ዘመን ሕግ እንደራሴ ሚኒስትር ሲሾም ወንበሩን ለቆ እንደ ገና ወደ መራጮቹ መቅረብ ነበረበት። ፊትዝጄራልድ ክፉ ሰው አልነበረም። እርሱ ራሱ ፕሮቴስታንት ሲሆን የካቶሊኮችን መብት ይደግፍ ነበር፤ አባቱም የ1800ን የአንድነት ሕግ በመቃወሙ ከሹመቱ የወረደ ሰው ነው። ስለዚህ ማንም የሚወዳደረው አይመስለውም ነበር። ነገር ግን በ1823 የተመሠረተው የካቶሊኮች ማኅበር ከያንዳንዱ ድኻ በወር አንድ ፔኒ እየሰበሰበ በመላው አገር በርትቶ ነበርና፥ የዌሊንግተንን መንግሥት የሚያገለግል ሁሉ ይቃወሙት ሲል ቈርጦ ነበር። ፕሮቴስታንት ተወዳዳሪ ፈልጎ ባጣ ጊዜ የማኅበሩ መሪ ዳንኤል ኦኮኔል ራሱ ተነሣ።

ኦኮኔል የ52 ዓመት ሰው፥ በአይርላንድ የታወቀ ጠበቃ ነው። የጠበቃም ዓይን ስለ ነበረው በሕጉ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ አገኘ። ሕጉ ካቶሊክ እንዳይቀመጥ ይከለክላል እንጂ እንዳይመረጥ አይከለክልም። ስለዚህ ልመረጥ፥ ከዚያም በደጁ ቆሜ ይከልክሉኝ አለ። በብልሃት የተሠራ ነገር ነው፤ ብልሃቱ ግን ዋጋ የሚያስከፍለው ኦኮኔልን አልነበረም። እርሱ ቢሸነፍ ወደ ሙግቱ ይመለሳል። ገበሬው ግን ስሙን ጮኾ ከተናገረ በኋላ የሚመለሰው ወደ ጌታው መሬት ነው።

ምርጫው በኤኒስ የፍርድ አዳራሽ ጁን 30 ቀን ተከፈተ። ወደ 30 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ወደ ከተማይቱ ጐረፈ። በአይርላንድ የምርጫ ቀን ያለ ዊስኪና ያለ ዱላ አይታሰብም ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን መጠጥ እንዳይጠጡ፥ እጃቸውንም በማንም ላይ እንዳያነሡ ካህናቱ አዝዘዋቸው ሕዝቡ ታዘዘ። ጠብ ይነሣል ብሎ ወታደር ያዘጋጀውን መንግሥት ከጩኸት ይልቅ ያስፈራው ይህ ጸጥታ ነው። በየመንገዱ የሆነው ነገር ደግሞ ተጽፎ ቀርቷል። ባለርስቱ በፈረሱ ሆኖ ጭሰኞቹን ወደ ከተማ ሲነዳ፥ በመንገድ ላይ የደብሩ ቄስ ይቀበላቸዋል፤ ያን ጊዜ ገበሬዎቹ ጌታቸውን ትተው ቄሱን ይከተላሉ። በድሮሞላንድ የሚኖረው ታላቁ ባለርስት ሰር ኤድዋርድ ኦብራየን፥ ልጁ ሉሺየስ የክሌርን ሁለተኛ ወንበር የያዘ ሰው፥ ጭሰኞቹ እንዲህ ከዱት። ሁለተኛው ልጁ ዊልያም ስሚዝ ኦብራየንም በዚያው ዓመት የኤኒስ ከተማ እንደራሴ ነበረና ኦኮኔልን ተቃውሟል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ግን በ1848 በእንግሊዝ መንግሥት ላይ ሸፍቶ ሞት የተፈረደበትና ወደ ታዝማንያ የተጋዘው ይኸው ሰው ነው።

ፊትዝጄራልድ በአዳራሹ ቆሞ ሲናገር በዚያን ጊዜ በሕመም አልጋ ላይ የነበረውን አባቱን አንሥቶ አለቀሰ፤ ሕዝቡም እጅግ አዘነለት። ኦኮኔል ይህን ባየ ጊዜ ተነሥቶ በሰላ ንግግር የሕዝቡን ልብ ወደ ራሱ መለሰ። በመልካም ሰው ላይ ክፉ ቃል መናገሩ ነው። እኛም ይህን ስናነብ ንግግሩን ለማመስገን ልባችን አይቀናም፤ ነገር ግን በዚያን ቀን የቀረበው ጥያቄ ፊትዝጄራልድ ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚል አልነበረም። ደግ ጌታ ቢሆንም ለራሳቸው መናገር የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩና። ጁላይ 5 ቀን ድምፁ ተቈጠረ። ኦኮኔል 2,057፥ ፊትዝጄራልድ 982።

ዌሊንግተንና ዋናው ረዳቱ ሮበርት ፒል ዘመናቸውን ሁሉ የካቶሊኮችን መብት ሲቃወሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አሁን ግን ክሌር ያደረገችውን ሌላውም አውራጃ ሁሉ እንደሚከተል አዩ፤ ከእርስ በርስ ጦርነትና ከሕግ ለውጥ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው። ፒል ሐሳቡን በመለወጡ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲን ወንበር ለቆ እንደ ገና ቢወዳደር ተሸነፈ። ንጉሥ ጆርጅ 4ኛም እያመነታ ኤፕሪል 13 ቀን 1829 ሕጉን አጸደቀ። ካቶሊክ በአዲስ መሐላ ወደ ምክር ቤት እንዲገባ ተፈቀደ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልንቆይ ይገባናል። በዚያው ቀን ሌላ ሕግ አብሮ ጸደቀ። የ40 ሽልንጉ መራጭ ድምፁ ተወሰደበትና መምረጥ የሚችለው 10 ፓውንድ የሚያወጣ መሬት ያለው ብቻ እንዲሆን ታዘዘ። 10 ፓውንድ 200 ሽልንግ ስለ ሆነ መመዘኛው አምስት እጥፍ ከፍ አለ ማለት ነው። በመላው አይርላንድ አውራጃዎች ከ200 ሺህ በላይ የነበረው የመራጭ ቍጥር ከ40 ሺህ በታች ወረደ። ስለዚህ በኤኒስ አዳራሽ በጌታው ሹም ፊት ስሙን ጮኾ ኦኮኔልን የመረጠው ገበሬ፥ ባለጠጋው ካቶሊክ ወደ ፓርላማ እንዲገባ በሩን ከከፈተ በኋላ እርሱ በውጭ ቀረ። ኦኮኔል ይህን አልወደደውም፤ ነገር ግን ሕዝቡን አስነሥቶ አልተሟገተበትም። ታሪክ ጸሐፊዎች ነፃ አውጪ እያሉ ይጠሩታል፥ ስሙም ይገባዋል፤ ከወርቁ ሚዛን በሌላው ወገን የተቀመጠውን ግን አብሮ መጻፍ ይገባል።

መንግሥት ሌላም ቂም ነበረው። አዲሱ መሐላ ከሕጉ በኋላ ለሚመረጡ ብቻ እንዲሆን ተጽፎ ነበርና የ1828 ተመራጭ ኦኮኔል አልተካተተበትም። ሜይ 15 ቀን 1829 ወደ ምክር ቤቱ በገባ ጊዜ የቀድሞው መሐላ ቀረበለት። አንብቦ፥ ከቃሉ አንዱ ክፍል ሐሰት መሆኑን እንደሚያውቅ፥ ሌላውንም እውነት ነው ብሎ እንደማያምን ተናግሮ አልምልም አለ። ምክር ቤቱም ወንበሩ ባዶ ነው ብሎ ፈረደ። ጁላይ 30 ቀን በኤኒስ እንደ ገና ተመረጠ፤ ተወዳዳሪ ስላልነበረ ድምፅ አልተቈጠረም። ቢቈጠርም ኖሮ ባለፈው ዓመት የመረጡት አብዛኞቹ ቆመው ከማየት በቀር ምንም አይችሉም ነበር። በፌብሩዋሪ 1830 ተቀመጠ፤ በዚያው ዓመት አጠቃላይ ምርጫ ግን ክሌርን ትቶ ለዋተርፎርድ አውራጃ ተወዳደረ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ብዙ ምርጫዎች አንድ በአንድ ብንቈጥር አንባቢን እናሰለቻለን። የ1845ቱ የድንች በሽታ ያመጣው ረኃብ ክሌርን እጅግ ጐዳት፤ በ1841 ወደ 286 ሺህ የነበረው ሕዝቧ በ1851 ወደ 212 ሺህ ወረደ። ድምፅ ግን አሁንም በጩኸት ይሰጥ ነበር። ጁላይ 22 ቀን 1852 ሲክስማይልብሪጅ በሚባል መንደር የአንድ ባለርስት ጭሰኞች በወታደር ታጅበው ለምርጫ ሲመጡ ሕዝቡ መንገድ ዘጋ፤ ድንጋይ ተወረወረ፥ ወታደሮቹም ተኰሱ። ስድስት ሰዎች ሞቱ። ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ የሚያዝዘው ሕግ የወጣው ከዚህ በኋላ ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1872 ነው። በዚያ ሕግ ላይ በፓርላማ ብዙ የረቀቀ ንግግር ተደርጓል፤ የሲክስማይልብሪጅ ሙታን ግን አስቀድመው ማስረጃውን ሰጥተው ነበር።

ከእንደራሴዎቹ መካከል ስለ አንዱ ሳንናገር ማለፍ አይቻልም። ኦጎርማን ማሆን የሚባለው የክሌር ባላባት በ1828 ገና ወጣት ሳለ ለኦኮኔል ምርጫ ከተጉት አንዱ ነው። በ1830 ራሱ ተመርጦ በጉቦ ተከስሶ ወንበሩን አጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ አገር ዞሮ ሸምግሎ ተመለሰና በ1879 ክሌር እንደ ገና መረጠችው። ይህ ሽማግሌ ካፒቴን ኦሼ የሚባለውን ሰው ከአይርላንድ ወገን መሪ ከቻርልስ ፓርኔል ጋር አስተዋወቀ፤ በ1880ም ሁለቱ፥ ማሆንና ኦሼ፥ የክሌርን ሁለት ወንበሮች ያዙ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 19 ቀን ፓርኔል በኤኒስ ቆሞ፥ የተነቀለ ጭሰኛን መሬት የሚይዝ ሰው እንደ ለምጻም ተለይቶ ማንም እንዳያናግረው፥ በገበያም በቤተ ክርስቲያንም ብቻውን እንዲቀር ሕዝቡን መከረ። ምክሩ መጀመሪያ ከደረሰባቸው አንዱ ካፒቴን ቦይኮት ስለ ሆነ እስከ ዛሬ በብዙ ቋንቋ ማግለል በስሙ ይጠራል። የፓርኔል መውደቂያ ደግሞ ከዚያው ከክሌር ወንበር መጣ። ከኦሼ ሚስት ጋር የነበረው ነገር በ1890 በፍርድ ቤት ተገለጠ፤ ጳጳሳቱ አወገዙት፥ ወገኑም ለሁለት ተከፈለ፤ እርሱም በኦክቶበር 1891 ሞተ።

ክሌር በ1885 ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ ተከፍላ ነበር። በ1892 ምርጫ በአይርላንድ ሁሉ ለፓርኔል ታማኝ ከሆኑት የተመረጡ ዘጠኝ ብቻ ሲሆኑ፥ ከነርሱ አንዱ በምሥራቅ ክሌር ዊልያም ሬድመንድ ነበረ። ልብ በሉ፤ በ1828 ቄሱን ተከትሎ ጌታውን የተወ ሕዝብ፥ በ1892 በዚያው አገር ጳጳሱን ትቶ ሞቶ የተቀበረውን ሰው ተከተለ። ካህናት ሕዝቡን የሚመሩት ሕዝቡ ሊሄድበት በሚፈልገው መንገድ ሲቀድሙ ነው የሚሉ አሉ፤ ለክሌር ይህ አነጋገር ከሞላ ጐደል ይስማማል።

ሬድመንድ ያንን ወንበር 25 ዓመት ያዘ። ወንድሙ ጆን የአይርላንድ ወገን መሪ ነበረ። አይርላንድ በእንግሊዝ መንግሥት ውስጥ ሆና የራሷን ፓርላማ እንድታገኝ ይሠሩ ነበር። ታላቁ ጦርነት በ1914 በተነሣ ጊዜ ዊልያም ሬድመንድ፥ ሌላውን ሂድ ብዬ እኔ አልቀርም ብሎ ዕድሜው ከ50 ካለፈ በኋላ ወታደር ሆነ። በማርች 1917 የጦር ልብሱን እንደ ለበሰ በፓርላማ ቆሞ ለአገሩ የተነገረው ተስፋ እንዲፈጸም ለመነ። ጁን 7 ቀን በቤልጅግ በመሲን በተደረገው ውጊያ ቈስሎ ሞተ፤ ከጦርነቱ ሜዳ ያነሡት ከሰሜን የመጡ ፕሮቴስታንት የአይርላንድ ወታደሮች ናቸው። 56 ዓመቱ ነበረ። በሎክር ከሌሎች ወታደሮች ተለይቶ ተቀብሯል።

ወንበሩ ባዶ ሆነ። ከአንድ ዓመት በፊት በ1916 የፋሲካ ሳምንት በደብሊን ዐመፅ ተነሥቶ፥ መሪዎቹ በጥይት ተገድለዋል። ሞት ተፈርዶበት ወደ እስራት ከተለወጠለት አዛዦች አንዱ የሒሳብ አስተማሪ የነበረው ኤሞን ዴ ቫሌራ ነው። በጁን 1917 ከእንግሊዝ ወህኒ ተፈታና በቀጥታ ለምሥራቅ ክሌር ተወዳደረ። ተቃዋሚው ፓትሪክ ሊንች በአገሩ የሚወደድ፥ የመንግሥት ጠበቃ ነበረ። ዴ ቫሌራ ለመራጮቹ የተናገረው ብመረጥ በለንደን ወንበር አልቀመጥም፥ ለእንግሊዝ ንጉሥም አልምልም የሚል ነው። ወጣቶቹ ካህናት በብዛት ከርሱ ጋር ቆሙ። ጁላይ 10 ቀን ድምፅ ተሰጠ፤ ዴ ቫሌራ 5,010፥ ሊንች 2,035 አገኙ። ስለዚህ ገበሬዎቹ በ1828 መሬታቸውን አደጋ ላይ ጥለው በሩን ያስከፈቱትን ያን ቤት፥ የልጅ ልጆቻቸው ከ89 ዓመት በኋላ አንገባበትም አሉ። በዚያ በር የገቡት እንደራሴዎች በእነዚያ ዓመታት ያመጡላቸውን ሲመዝኑ፥ የመሬት ሕግ መሻሻሉን ቢያዩም የተነገራቸው የራስ ፓርላማ አልደረሳቸውም ነበር።

ሬድመንድ ለአገሩ ያለው ፍቅር ከዴ ቫሌራ ያነሰ ነበረ የሚል ካለ ግፍ ይናገራል። ሁለቱም አንድ ነገር ፈለጉ፤ አንዱ በመማል፥ ሌላው ባለመማል።

በዲሴምበር 1918 አጠቃላይ ምርጫ ዴ ቫሌራ በምሥራቅ ክሌር ያለ ተወዳዳሪ ተመረጠ። የወገኑ ሲን ፌን 73 ተመራጮች ወደ ለንደን መሄድን ትተው በጃኑዋሪ 1919 በደብሊን የራሳቸውን ምክር ቤት አቆሙ። የምሥራቅ ክሌር የለንደን ወንበር እንግዲህ ማንም ሳይቀመጥበት ቆይቶ በ1922 ከሕግ መጽሐፍ ተሰረዘ።

ስለዚህ ሰው የእኛ አገር አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የአይርላንድ መንግሥት መሪ ከሆነ በኋላ፥ አሁንም የክሌር እንደራሴ ሳለ፥ ኢጣልያ በ1935 ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀቡን ደገፈ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 በዚያ ጉባኤ ከተናገሩ ከሁለት ቀን በኋላም ተነሥቶ፥ ያን ሁሉ መንግሥት ያቀፈ ማኅበር የተጠቃውን ለብቻው መተዉ መራራ ውርደት መሆኑን መሰከረ።

ወደ መሐላው እንመለስ። ከ1921 ስምምነት በኋላ በተቋቋመው የአይርላንድ ነፃ መንግሥት ምክር ቤትም ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝነትን የሚጠቅስ መሐላ ተጨመረ። ስለዚህ ነገር የእርስ በርስ ጦርነት ሆነ። ኦገስት 15 ቀን 1923፥ በላቲኖቹ አቈጣጠር በእመቤታችን ፍልሰታ ቀን፥ ዴ ቫሌራ በኤኒስ፥ የኦኮኔል ሐውልት በቆመበት በጥንቱ የፍርድ አዳራሽ ስፍራ ለሕዝብ ሲናገር ተይዞ ታሰረ፤ ክሌርም ታስሮ ሳለ መረጠችው። አራት ዓመት ወንበሩን ሳይነካ ቆየ። በ1927 ተወዳዳሪ ሁሉ ቢመረጥ እንደሚምል አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ የሚያስገድድ ሕግ ሲመጣ ግን ነገሩ ጠበበበት። ኦገስት 11 ቀን ወደ ምክር ቤቱ ጸሐፊ ክፍል ገብቶ በመሐላው መዝገብ አጠገብ የተቀመጠውን መጽሐፍ ቅዱስ አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ አራቀው፤ መሐላ አልምልም፥ ስሜን ብቻ እጽፋለሁ ብሎ፥ የመሐላውን ቃል በወረቀት ሸፍኖ ፈረመ። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ሰሙን ተቀብሎ ወርቁን የካደ ሰው አየ ይላል። ኦኮኔል በ1829 በዚያው ዓይነት ወረቀት ፊት ቆሞ እያንዳንዱን ቃል አንብቦ ነበር የመለሰው።

ዴ ቫሌራ በ1932 ሥልጣን በያዘ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራው መሐላውን ማስወገድ ሆነ፤ ሕጉም በ1933 ወጣ። በ1917 በክሌር የተሸነፈው ፓትሪክ ሊንች በ1936 በዚሁ በዴ ቫሌራ መንግሥት ጠቅላይ የሕግ አማካሪ ሆኖ ተሾመ፥ እስከ 1940ም አገለገለ። ዴ ቫሌራ ራሱ የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ የምክር ቤት ወንበሩን እስከ ለቀቀበት እስከ 1959 ድረስ የክሌር እንደራሴ ነበረ።